አያ አላምረው ያላማራቸው ሥዕል

በየመንደሩ ምንም ነገር የማይጥመው አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ቢጠሩት ወጡ ቀጥኗል፤ ቤት ሲሠራ ቢያይ ምሰሶው ጠሟል፤ ቄሱ ቢሰብኩ ስብከቱ ረዝሟል። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች አንዲት የደጋ መንደር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አያ አላምረው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ከስማቸው አንዲት ፊደል ለውጠው፣ በሌሉበት «አያ አላማረው» ይሏቸዋል።

ሠዓሊዋ ፅዮን ከጎንደር ስትመጣ ይህን አስቀድሞ የነገራት አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ተራራው ተንዶ የታችኛውን ሰፈር ከነሰዉ ውጦታል። የተረፉት ከላይ ካለው ሜዳ ተሰባስበው፣ አንዱ የሌላውን ቤት በወንፈል እየማገረ፣ እንደገና ጎጆ ቀለሱ። የልጆቹ ትምህርት ቤትም ተሠራ። ፅዮንና ማሲንቆ መቺው መለሰ የመጡት ሕዝቡ ያለፈበትን እሷ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ልትሥለው፣ እሱ በዜማ ሊያስቀረው ነው።

አያ አላምረው በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸውን አጣፍተው ደረሱ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፅዮን ግድግዳው ላይ የሣለቻትን በቅሎ አዩና ጆሮዋ የአህያ እንደሆነ አስታወቁ። ጆሮው ሲያጥር ደግሞ በቅሎዋ ድመት መሰለቻቸው። በሬው ከስቷል፣ ሰማዩ የቆላ ሰማይ ነው፣ የገብሱ ቀለም ገና እሸት ነው። አንድ ቀን የአንዱን በሬ ቀንድ አርመው ሲያስለውጡ የበሬው ባለቤት ደርሶ የመጀመሪያው ትክክል እንደነበር ተናገረ። አያ አላምረው ጥቂት አሰቡና በሬውም ራሱ ሲፈጠር ተሳስቶ ነው አሉ። ፅዮን ደምስሳ መሣል ሰልችቷት፣ አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን ይዟቸው ቢቀሩ ብላ እስከ መመኘት ደረሰች።

መለሰም አልተረፈም። ናዳውን የሚያስታውስ አንጀት የሚበላ ዜማ አውጥቶ ሲጫወት ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ፤ ሲጨርስ ተነሥተው ተበተኑ። ተራራው ከተናደ ወዲህ በዚያ መንደር ለአጨዳም ለወፍጮም የዘፈነ ሰው አልነበረም። አያ አላምረው ብቻ ቀርተው፣ «ምነው ልጄ፣ ማልቀሱንማ ካንተ በፊት እናውቀው የለ?» አሉት።

ከዚያ አንድ ቀን አያ አላምረው ሳይመጡ ቀሩ። ፅዮን ጠዋት ደስ አላት። ቀትር ላይ ግን ብሩሹ አልታዘዝ አላት፤ በሣለች ቁጥር ወደ ድንጋዩ ትዞራለች። የት እንዳሉ ብትጠይቅ ጎረቤታቸው ሸዋረጋ በአገጯ ወደ ገደሉ አመለከተች።

ናዳው አፋፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከታች ቀይ አፈር ብቻ ነው። ቤታቸውም ሚስታቸው ሐረገወይንም ከዚያ ስር ናቸው። ፅዮን አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸው ወደ ቀዩ አፈር እያዩ ተናገሩ።

«አርባ ዓመት ስታርመኝ ኖራለች። አጥር ባጥር ጠሟል፣ ባርስ ፈሩ ሰፍቷል። እኔም እበሳጭ ነበር። ዛሬ ጎጆዬን ክዳን አልብሼ ጨረስኩ፤ ቆሜ ጠበቅኩ፤ የሚናገረኝ የለም።»

ፅዮንም፣ ሐረገወይን በአጨዳ ጊዜ ምን ትዘፍን እንደነበር ጠየቀቻቸው። ብቻዋን እንደማትዘፍን፣ እሳቸው ግጥሙን ሲጀምሩ እሷ ትጨርሰው እንደነበር ነገሯት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብረው ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ፅዮን የሰማችውን ለመለሰ ስትነግረው ማሲንቆውን አነሳና የአጨዳ ዜማ ሞከረ። አያ አላምረው ጥቂት ቻሉ። ከዚያ ግን ማጭድ እንዲህ ተጎትቶ ገብስ አይቆርጥም ብለው ተነሡና፣ ለማሳየት ያህል፣ በሻከረ ድምፅ ጀመሩት፦

«ያንቺን ጨርሰን ወደ እኔ ማሳ እንውጣ፣»

እዚህ ላይ ቆሙ። የቀረው የሐረገወይን ነበር። መለሰ ያቺኑ ዜማ እየደጋገመ ጠበቃቸው፤ እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሸዋረጋ ከሴቶቹ መካከል ሳትነሣ፣ በቀጭን ድምፅ ተቀበለች፦

«ገብሱን እንሰብስብ ደመናው ሳይመጣ።»

አጠገቧ ያለችው ደገመችው። ከዚያ ወንዶቹ ገቡበት። የሚያለቅስ ነበረ፤ የሚያጨበጭብም ነበረ፤ ዘፈኑን ያቋረጠ ግን አልነበረም። አያ አላምረው ጋቢውን ከፊታቸው አውርደው ሁለተኛውን ግጥም ጀመሩ።

ፅዮን በማግስቱ ግድግዳው ላይ ናዳውን ወደ ኋላ አራቀችና ከፊቱ ሲዘፍን ያመሸውን ሰው ሁሉ ሣለች፤ አፉን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማጭድ ይዞ። ከአጫጆቹ መካከል ሐረገወይን አለች። መልኳን አያ አላምረው ለፅዮን ነግረዋት ሸዋረጋ አርማቸዋለች፤ በዚህ ላይ ሁለቱ ግማሽ ቀን ተከራክረዋል።

ፅዮን ዛሬ ጎንደር ቁስቋም ባለው ቤቷ ትሠራለች። ድሮ ሰው እንዳይረብሻት በሩን ቆልፋ ነበር የምትሥለው። አሁን ወለል አድርጋ ትከፍተውና፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር ብሩሿን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣለች። «አያ፣ እስቲ ግቡና እዩልኝ» ትላለች፤ «ምን ጎደለው?»