የአበባው ክፍል በር አሥራ አራት ጊዜ ስለ መከፈቱ

ቀን፦ ዓርብ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2014 (ኦክቶበር 15፣ 2021)
ቦታ፦ ኮሎምበስ፣ ሂሊያርድ አጠገብ፣ ለመድኃኒት የሚሆን ካናቢስ በፈቃድ የሚበቅልበት መጋዘን፣ ብሬክ ሩም
ሰዓት፦ ከቀትር በኋላ 5፡20፣ በአሜሪካ አቆጣጠር
የተገኙ፦ ጋሼ ግርማቸው (ሰብሳቢ፣ ከማሸጊያ)፣ ዙልፋ (ከጽዳት)፣ ያደታ (ከፎርክሊፍት)፣ ሳቢራ (ከአበባ ክፍል)፣ ምንያህል (ጸሐፊ፣ ከኮሪደር ጥበቃ)

የማታ ፈረቃ አበሾች መረዳጃ ከአምስት አባላቱ አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ያመለጠ የለም።

አጀንዳ 1፦ የሳቢራ ማስጠንቀቂያ

ሳቢራ እንዳስረዳችው፣ ተክሉ አበባ ሲይዝ ከምሽቱ ስድስት እስከ ንጋቱ ስድስት ያልተቋረጠ ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ከገባበት ዘር ይቋጥራል፤ ምርቱ ይበላሻል። እሷ የምታጠጣው ግንባሯ ላይ ባሰረችው አረንጓዴ መብራት ነው፤ እሱ ተክሉን አይረብሸውም። በዚህ ሳምንት ግን በሩ በጨለማው ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ ተከፍቷል። ሱፐርቫይዘሩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷት እስከ ነገ በጽሑፍ አስረጂ ብሏታል። ካላስረዳች ትባረራለች።

ሰብሳቢው ማን እንደከፈተ ጠየቁ። ዝምታ። ዝምታው ይመዝገብ አይመዝገብ የሚል ክርክር ተነስቶ ይመዝገብ ተባለ።

ያደታ “ሰላም ልላት ብቻ ነው” ሲል ሁለት ጊዜ መክፈቱን አመነ። ዙልፋ ሰው ጨለማ ውስጥ መኖሩን እያወቁ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መሆኑን ገልጻ፣ አራት ጊዜ አለች። ሰብሳቢው የእሳቸው በዕድሜያቸው ምክንያት እንዳይቆጠር ጠየቁ። ተቆጠረ። አምስት። ጸሐፊው አንድ አለ። ድምፁ ስላልተሰማ ድገም ተባለ። ሦስት አለ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

ያደታ አንኳኩቶ ማለፍ ይበቃል አለ። ዙልፋ ማን እንዳንኳኳ በምን ታውቃለች ስትል ተቃወመች። ያደታ እያንዳንዱ የራሱ የማንኳኳት ምት ይኑረው ብሎ የራሱን በጠረጴዛው ላይ አሳየ። ሰብሳቢው “ተው አንተ፣ ከበሮ ልታስመታን ነው?” በማለት አስቆሙት። ዙልፋ አንድ ተወካይ የሁሉንም የሳምንት ሰላምታ ጠቅልሎ ሰኞ ሰኞ ያድርስ አለች። ሳቢራ ሐሳቧን ስትጠየቅ “እንደተመቻችሁ” አለች። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ/ በሩን ማንም እንዳይከፍት፣
ለ/ እስካሁን በሩን የከፈተው የአየር ማራገቢያው ነው ተብሎ እንዲጻፍና ማንም ስሙን እንዳይሰጥ
በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ውሳኔውን ለሳቢራ ስለ ማሳወቅ

ስልክ ወደ ክፍሉ አይገባም። ወረቀት በበሩ ሥር አያልፍም፤ ብርሃን እንዳያስገባ ጎማ ተለጥፎበታል። ስለዚህ ጉባኤው በሙሉ ተነስቶ ሄደ። ሰብሳቢው በሩን ከፈቱ።

“ዝጉት!” አለች ሳቢራ። ሰብሳቢው በሩን መክፈት መከልከሉን አነበቡላት። “እሺ ጋሼ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?” ጉልበታቸው ተብራራ። ቀጥሎ የዙልፋ እናት። ቀጥሎ የያደታ መንጃ ፈቃድ። “አንተስ ምንያህል፣ እንቅልፉ መጣልህ?” ጸሐፊው መለሰ። መልሱ ረጅም ስለነበረ እዚህ አልሰፈረም።

በሩ ስድስት ደቂቃ ተከፍቶ ቆየ። ከዚያ ሳቢራ “ነገ የምጠየቀው እኮ ብቻዬን ነው” አለች። በሩን ዘጋችው።

አጀንዳ 4፦ በኮሪደሩ ላይ፣ በቁም

ሀ እና ለ ተሽረዋል። የከፈተ ሁሉ ቁጥሩንና ምክንያቱን ከነስሙ እንዲጽፍ፣ ማስጠንቀቂያውም ለአምስቱ በእኩል እንዲከፋፈል ኩባንያው እንዲጠየቅ ተወሰነ። ያደታ “ሁላችንንም ቢያባርረንስ?” አለ። ዙልፋ “ታዲያ ራሱ ገብቶ ያጠጣዋ!” አለች።

ሰብሳቢው፣ ዙልፋና ያደታ በምክንያቱ ቦታ “ሰላም ለማለት” ብለው ጻፉ። ጸሐፊው “ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ስለነበርኩ” ብሎ ጻፈ። ሰብሳቢው አነበቡት። የራሳቸውን ሰርዘው ከጸሐፊው ሥር “እኔም” ብለው ፈረሙ።

6፡31 ላይ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።