መለኪያውን የሚለኩት ጋሼ ደምሴ

መለኪያን ራሱን የሚለካ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በስደት በምንኖርባት ክሬጊበርን ውስጥ አግኝቻለሁ። ጋሼ ደምሴ ጡረተኛ ናቸው፤ ፈቃድ አውጥተው ኢላማ ይተኩሳሉ፤ ጥይታቸውንም ጋራዥ ውስጥ ባዶ ቀለህ ላይ ባሩድ እየሞሉ ራሳቸው ይሠራሉ። አዲስ የባሩድ መስፈሪያ ገዝተው ሲፈትሹት ምስክር እንድሆን ጠሩኝ።

መስፈሪያው የሰፈረውን ባሩድ ሚዛን ላይ አደረጉት። ቁጥሩ ዋለለ።

«አትተንፍስ!» አሉኝ።

ትንፋሼን ዋጥኩ። ቁጥሩ አሁንም አልረጋ አለ። በሩን ዘጉ፣ ማራገቢያውን አጠፉ፤ በመጨረሻ ጥግ የቆመውን ፍሪዘር በጥርጣሬ አይተው «ይሄ ነው የሚያንቀጠቅጠው» ብለው ነቀሉት። እውነትም ሚዛኑ ረጋ። ደጋግመው ሰፈሩ፣ ደጋግመው መዘኑ፤ ልክ ነው። ከደስታቸው ብዛት አቀፉኝ። ፍሪዘሩን መልሶ መሰካት ግን ማንን ትዝ ይበለው?

ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ደወሉልኝ። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ፍሪዘሩ ውስጥ ያስቀመጡት የበግ ሥጋ ቀልጧል፤ ዛሬውኑ ካልተሠራ ይበላሻል።

«ጋሼ ምን አሉ?»

«ምን ይላል? ‹ሚዛኑ ግን ልክ ነበር› ይላል! አንተም አብረህ ቆመህ አይተሃልና ቢላህን ይዘህ ና!»

ከጋሼ ጋር ሽንኩርት ስንከትፍ ዋልን። ወጡ ሲንተከተክ «ጋሼ፣ ጨው ስንት ማንኪያ ላድርግ?» አልኳቸው።

«ምን ስንት አለው?» አሉኝ ተቆጥተው። «ዘገን አድርገህ ጣልበት!»