ሚስተር ያሟሟቀበት ጨዋታ

ትናንት ከሜዳ ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝና እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ።

ሜዳው የኛው ክለብ፣ የቫልቢያንካ ሜዳ ነው። ግን ተጫዋቾቹ ካፖርት ደርበው ትሪቡን ላይ ሱፍ ይቆረጥማሉ፤ የሚጫወቱት ተመልካቾቹ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው በረኛ ሆኗል፤ ቄሱ አጥቂ። ኳሷ ፊሽካ ስትነፋ ዳኛው ደንግጦ ይቆማል።

እኔ የአሰልጣኙ ወንበር ላይ ተንሰራፍቻለሁ። አሰልጣኛችን ታርዲቲ በቁምጣ ሆኖ መስመሩን ይዞ ይሮጣል፤ እግሩ ሸንኮራ አገዳ ያክላል። ጣሊያን አገር አሰልጣኝ በስሙ አይጠራም፤ "ሚስተር" ነው የሚባለው። እኔም በታችኛው ሊግ በዞርኩበት ክለብ ሁሉ "ሚስተር" ስል፣ "አሟሙቅ" ሲሉኝ፣ ሳሟሙቅ፣ ሳያስገቡኝ ጨዋታው ሲያልቅ ነው የኖርኩት።

"ሚስተር፣ ልግባ?" አለኝ ታርዲቲ እያለከለከ።

"አሟሙቅ።"

"ሞቆኛል እኮ! ልቃጠል ነው!"

"እንግዲያው ቀዝቀዝ ብለህ ና።"

እግሬ ስር አንድ ሰው ካልሲዬን ያጥባል። ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ አገር ቤት "ቀጭን ነው" ብሎ የመለሰኝ የተጫዋች መልማይ ነው።

"ቀጭን ነዎት ብለን ነበር ጌታዬ።"

"አሁንስ?"

"አሁን እኛ ቀጠንን።"

ድንገት አባቴ መጣ። አባቴ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነው፤ "በኳስ ማን ሰው ሆነ?" እያለ አንድም ቀን ስጫወት አላየኝም። ጣሊያኖች ደግሞ ማሊያ ላይ የሚጽፉት የአባት ስም ነው፤ እኔ ተካልኝ በየከተማው "ደምሰው" ስባል አረጀሁ። በሕልሜ ግን አባቴ በጋቢው ላይ ማሊያ ደርቧል፤ ጀርባው ላይ "ተካልኝ" ይላል።

"አባባ፣ ይሄ የማን ስም ነው?"

"የልጄ ነዋ! እዚህ አገር ሰው በልጁ ስም ነው የሚጠራው አሉኝ። በል አስገባኝ።"

"ኳስ መቼ ነክተህ ታውቃለህ?"

"አንተን የወለድኩ ሰው ኳስ ያቅተኛል?"

ታርዲቲ ማልቀስ ጀመረ። "ያሟሟቅሁት እኔ ነኝ!"

"አንተ ቀጥል" አልኩትና አባቴን አስገባሁ።

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ወደ በረኛው ሄደ። "ይሄ ልብስ ሰፍቶሃል የኔ ወንድም፤ እጅህን አንሳ ልለካህ" አለው። ጋጋሪው እጁን ሲያነሳ አባቴ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ላካት።

ስታዲየሙ "ተካልኝ! ተካልኝ!" አለ። በሰው አገር ስሜ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ደረቱን ነፍቶ "የሱ አባት ነኝ! የሱ!" እያለ ሜዳውን ዞረ። እኔም ተነስቼ ቆምኩ፤ ቁመቴ ከትሪቡኑ በላይ ሆነ።

"ደምሰው! ደምሰው!"

ባነንኩ። ታርዲቲ ትከሻዬን ይነቀንቃል። ውጭ ዝናብ ነው፤ አውቶብሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

"ምንድን ነው ሚስተር?"

"እነሱ ተጫውተው ደክመዋል። አንተ ስታሟሙቅ ነው የዋልከው፤ ውረድና ግፋ።"

ወረድኩ። ማሊያዬን አላወለቅኩም ነበር፤ ያልተጫወተ ሰው ምን ብሎ ያወልቃል? በጀርባ መግፋት ይቀል ነበር፤ ግን ጀርባዬ ላይ የአባቴ ስም አለ። ዞሬ በደረቴ ገፋሁት። ጎማው የረጨውን ጭቃ በፊቴ ተቀበልኩት። አውቶብሱ ተነሳ።