ላቬንደር በቄራ ታክሲ

በቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ ይዞ የሰውን ሁሉ ነርቭ ለማረጋጋት የሚዞር ሰው ገጥሟችኋል? የቢሯችን ሄለን እንደዚያ ናት። የላቬንደር አበባ ዘይት ለእንቅልፍ፣ ለራስ ምታት፣ ለጭንቀት፣ በቃ ከአለቃችን ቁጣ በስተቀር ለሁሉም ይሆናል ትላለች።

ባለፈው ሰኞ ከቄራ ወደ ካዛንቺስ በሚኒባስ አብረን ስንሄድ መንገዱ ተዘጋጋ። ሙቀቱ ልክ የለውም፤ መስኮቱ ግን እንደምታውቁት ዝግ ነው።

"አባባ፣ ትንሽ ይክፈቱት፤ ታፈንን እኮ" አለ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት።

"በብርድ ልታስመታኝ ነው?" አሉት መስኮቱ ጥግ ያሉት አዛውንት።

ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል ሄለን "ቆይ፣ እኔ አረጋጋቸዋለሁ" ብላ ጠርሙሷን ከፈተች። መመሪያው አንድ ጠብታ ይላል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግን ዘይቱ በሙሉ ወንበሩ ላይ ፈሰሰና ሽታው ታክሲውን ሞላው።

ብርድ የሚፈሩት አባባ በገዛ እጃቸው መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን ወደ ውጭ አሰገጉ። ወጣቱ ከኋላ ተንጠራርቶ መጣ። "ና ልጄ፣ ጠጋ በል" ብለው የመስኮቱን ግማሽ ለቀቁለት።

ሄለን በኩራት ጎሸም አደረገችኝ።

"አየህ፣ ሁሉም እንዴት በጥልቀት እየተነፈሰ እንደሆነ?"