በሚዛን ቀን የጠፋው ቆሻሻ

ለመሆኑ በሚዛን ቀን ብቻ ንጹሕ የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔ አለቃ እንዲያ ነው። እስራኤል ውስጥ ቂርያት ጋት ከተማ ያለችው ትንሿ የፕላስቲክ ፋብሪካችን የምትጥለው ቆሻሻ ተመዝኖ መቀነሱ ካልተረጋገጠ፣ ትልቁ ደንበኛችን ሊተወን ሆነ። ታዲያ አለቃችን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆሻሻውን ቀነሰ? ኧረ የለም! በፌስታል በፌስታል አከፋፈለንና «ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ ደብቁት፤ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ትወስዱታላችሁ» አለን።

ቆሻሻውን ልትመዝን የመጣችው ሠራተኛ የእኛው አገር ልጅ ናት። ባዶውን ገንዳ አይታ በአድናቆት «ዜሮ» ብላ መዘገበች።

ከሥራ ወጥተን አውቶቡስ ውስጥ ፌስታላችንን ታቅፈን ተቀምጠናል። መዛኟም መጥታ ገባች! ፌስታሌን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ሠፈራችን ስንደርስ ሽማግሌው የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ታከለ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ተነሡ።

«አባባ፣ እኔ እያለሁ? ይስጡኝ!»

«ግድ የለም ልጄ፣ አይከብደኝም።»

«ኧረ በሞቴ!» ብላ ተቀበለቻቸው።

ሽማግሌ ተሸክሞ ወጣት ባዶ እጁን አይሄድም ብለን ያሳደግናት እኛው አይደለን? ዜሮ ብላ የመዘገበችውን ቆሻሻ እስከ ደጃፋቸው ተሸክማ አደረሰችላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው መረቋት። እኔ ግን ስንት ኪሎ መስሏት ይሆን እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።