አልሞተም፣ ታሟል እንጂ

በቅድሚያ ይቅርታ። እኔ ወንበር ሠሪ ነኝ፤ ቀርከሃ ሰንጥቄ፣ አጣምሜ፣ አስሬ ወንበርና አልጋ እሠራለሁ። ብዕር የያዝኩት ካደግኩ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እሱንም አልጨረስኩም። ስሜ ሰራዊት ነው። ስሙ ብዙ ሕዝብ ያስመስለኛል እንጂ እኔ ከአንድ ሰውም አንሳለሁ፤ ሰው መሃል ተናገር ስባል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጥና አልወርድም አልወጣም ይላል። ታዲያ ምን አስጻፈህ ብትሉኝ፣ ይህን ነገር እኔ ካልጻፍኩት ማንም የሚጽፈው አይመስለኝም። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ።

እንግዲህ በዓለም ላይ ጨዋታ ባለበት ሁሉ ሰው ሦስት ነው። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ሦስተኛው ያውቃል። ዳማ ይሁን፣ ገበጣ ይሁን፣ ካርታ ይሁን፣ ሦስተኛው ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከተጫዋቾቹ ትከሻ በላይ ይቆማል። ተጫውቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ተሸንፎም አያውቅም። አንዱ ጠጠር ባስቀመጠ ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል። ያ የከንፈር መምጠጥ ለቅሶ ቤት ከሚሰማው ይብሳል፤ ለቅሶ ቤት የሚመጠጥልህ ለሞተብህ ሰው ነው፣ እዚህ ግን ላንተው ነው።

የእኛ ሦስተኛ ሰው ክቡር ፈራጅ ኦቦ ጂራታ ናቸው።

ኦቦ ጂራታ የባምባሲ ሰው ናቸው። ስምንት ዓመት ጉባ፣ ግድቡ ላይ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። እዚያ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ በምሳ ሰዓት ከባልደረባው ጋር ጎ የሚባል ጨዋታ ይጫወት ነበር አሉ። ኦቦ ጂራታ ምሳቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላው ይቆማሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆሙ። ከዚያ ጉልበታቸው ታመመና አሶሳ መጡ፤ ጨዋታውንም በጭንቅላታቸው ይዘውት መጡ።

«መጫወት አልተማርኩም» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ማየት ነው የተማርኩት።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰሌዳ ላይ መስመሮች ይሰመራሉ፤ ጠጠር የሚቀመጠው መስመር ከመስመር በሚገናኝበት ላይ ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። የተቀመጠ አይነቃነቅም። ዙሪያውን የተከበበ ይነሳል። በመጨረሻ ብዙ መሬት ያጠረ ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው መሰለኝ የማይገባው። እኔ ሦስት ዓመት ተጫውቼ ማን እየመራ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አውቄ አላውቅም። ያሸነፍኩ ሲመስለኝ ያጽናኑኛል፤ የተሸነፍኩ ሲመስለኝም ያጽናኑኛል።

ሰሌዳውን የሠራሁት እኔው ነኝ። አስራ ዘጠኝ በአስራ ዘጠኝ መስመር አስምር ተብዬ በጋለ ብረት በጣውላ ላይ አሰመርኩ፤ ግን በአንድ በኩል አንዷን ረስቼ አስራ ስምንት ሆነ። ኦቦ ጂራታ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሰሌዳህ እንደ አሶሳ ነው» አሉኝ። «መሃሉ የት እንደሆነ አይታወቅም።» ነጩ በቆሎ ነው፣ ጥቁሩ የጉሎ ፍሬ። ቦታችን ከደጊቱ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ማንጎው ሥር፣ ከእኔ ወንበሮች አጠገብ ነው።

የኦቦ ጂራታ ፍርድ ብዙ ነው፤ የሚደጋገሙት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ «መጀመሪያ ጥግ፣ ቀጥሎ ዳር፣ መሃል ለመጨረሻ» የሚለው ነው። ይህን ሠርግ ቤት ሳይቀር ይሠሩበታል፤ ገብተው ጥግ ይይዛሉ፣ ከዚያ የዳሱን ዙሪያ ቃኝተው «የሴቷ ወገን ተከቧል፤ ወጥ ሳይደርሰው ያልቃል» ብለው ይፈርዳሉ። ወጡም ያልቃል። ሁለተኛው፣ ሁሉም ሰው አበቃለት ብሎ የተወውን ጠጠር በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «ይሄ ቦታ አልሞተም፤ ታሟል እንጂ» የሚሉት ነው። አብሮን ስለሚጫወተው ስለ አንለይ ባጃጅም እንዲሁ ብለዋል። ስለ ሌላው ተጫዋች ስለ ዓብዱልባሲጥ የልብስ ንግድም ብለዋል። አንዴ ስለ እኔም ብለዋል፤ የሰማሁ ግን አይመስላቸውም።

አንድ ቀን ወንበሮቼን አዩና፣ «ምነው እንዲህ አንድ ላይ አከማቸሃቸው? ይህ የፈሪ አቀማመጥ ነው። አንዱን መናኸሪያው በር ላይ ጣለው» አሉኝ። ታላቅ ሰው ተናግሮ እንቢ አይባልም፤ ጣልኩት። መንገደኛ ሳምንቱን ሙሉ ተቀመጠበት፣ በስምንተኛው ቀን ወንበሩ ጠፋ። ነገርኳቸው። «አልጠፋም» አሉ። «መሥዋዕት ነው።» በወሩ ሁለት ሴቶች ከቶንጎ መጥተው፣ መናኸሪያው በር ላይ የተቀመጥንበትን ዓይነት ወንበር ሥራልን አሉኝ። ታዲያ ከሰርኩ ወይስ አተረፍኩ? እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

የዶሮዋን ነገር ልንገራችሁ። አንለይ በበቆሎ፣ ዓብዱልባሲጥ በጉሎ ይጫወታሉ። አንለይ ከጎጃም ሰፋሪዎች ልጆች ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ሲጫወትም እንደሚነዳው ነው። ጨዋታው ተጋግሎ ሳለ የደጊቱ ዶሮ ሰሌዳው ላይ ዘላ ወጣችና በቆሎውን ትለቅመው ጀመር። ጉሎውን አልነካችም፤ ጉሎ መርዝ እንደሆነ ዶሮም ታውቃለች።

«ያ ጀማዓ!» አለ ዓብዱልባሲጥ እየሳቀ። «ወላሂ ዶሮ ለእኔ ፈረደ! አስራ አራት በላ! ኸላስ፣ አሸነፍኩ!»

«ምን ኸላስ ትለኛለህ? ዶሮ ነው የሚጫወትልህ?» አንለይ ጮኸ።

«ዝም በሉ» አሉ ኦቦ ጂራታ። ከደጊቱ አንድ ጭብጥ በቆሎ ተቀበሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንድ በአንድ መለሱት። «ይችን አንለይ ሻዩ ሲያቃጥለው ያስቀመጣት። ይችን ስልኩ ሲጠራ፤ ለዚህ ነው ቦታዋ የከፋው። ይችን ዓብዱልባሲጥ ሲያዛጋ ሰርቆ።» አስራ አራቱንም መለሱ። ማንም አልተከራከረም። አንለይ ብቻ፣ «የስልኳን ትንሽ ወደ ተሻለ ቦታ ባዛወሩልኝ ምን ነበረበት» ብሎ አጉረመረመ።

ያን ቀን ነው እኔ እኒህ ሰውዬ የምር ያያሉ ያልኩት። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ቅዳሜ ነው። አንለይ እያሸነፈ ነበር፤ እያሸነፈ እንደነበር እሱ ነው የነገረን። የዓብዱልባሲጥ እጅ ጉሎውን ይዞ አንድ ቦታ ላይ ሲያንዣብብ ኦቦ ጂራታ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዓብዱልባሲጥ ደንግጦ እጁን አነሳና ሌላ ቦታ አስቀመጠ። ያ አንድ ጉሎ የአንለይን ግማሽ በቆሎ እንደ ከብት ነዳው።

አንለይ ብድግ አለ። «ጋሼ ጂራታ፣ እሱ አይደለም ያሸነፈኝ፤ የእርስዎ ከንፈር ነው! ካወቁ ለምን አይጫወቱም? ሦስት ዓመት ሙሉ ቆመው ይፈርዳሉ፤ አንዴ ይቀመጡና እንይዎት!»

«እኔ የማየው ቆሜ ነው» አሉ።

«ነገ ተቀምጠው ይጫወቱ። ካሸነፉ ዕድሜ ልክዎን ይፍረዱብን፣ አሜን ብለን እንቀበላለን። ከተሸነፉ ግን ከእንግዲህ በዚህ ሰሌዳ ላይ አፍዎ አይከፈትም። ከንፈርም አይመጠጥም!»

«እኔ ምስክር» አለ ዓብዱልባሲጥ።

ደጊቱ ከምድጃዋ ቀና አለች። «ኧረ ተው እናንተ! እኒህ ሰው ዝም ካሉ ይታመማሉ።»

ኦቦ ጂራታ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱ። «ከማን ጋር?»

አንለይ ዙሪያውን አየ። ወንበር ከማሰርበት ቀና ብዬ ነበር፤ ጎንበስ ሳልል ዓይኑ ያዘኝ። «ከሰራዊት ጋር! ከሁላችንም ደካማው እሱ ነው። እሱን ካላሸነፉማ ምን ቀረዎት?»

ሌሊቱን አልተኛሁም አልልም፤ ተኝቻለሁ፤ ግን ልቤ ፈርቶ ነው የተኛሁት። ነገሩን ልንገራችሁ። ማንጎው ሥር ሌሎቹ እኔን የሚያዩኝ ወንበር ሲፈልጉ ነው። ቆሞ የእኔን ጨዋታ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር እኒህ ሽማግሌ ናቸው። ይመጥጡልኛል እንኳ። እና ካሸነፍኩ አፋቸውን እዘጋለሁ። ስለዚህ ለመሸነፍ ቆረጥኩ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተቀመጥን። ለመሸነፍም ማወቅ ያስፈልጋል ለካ። መጥፎ ቦታ የቱ ነው? ጥሩውን ሳላውቅ መጥፎውን ከየት ላውቅ? ብቻ እሳቸው ጥግ ሲይዙ እኔ በቆሎዬን ወዲያና ወዲህ እበትን ጀመር። ኦቦ ጂራታ ተቀምጠው አይታያቸውም መሰለኝ፣ በየመሃሉ ይነሳሉ፣ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያያሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

አንዲት በቆሎ ሳስቀምጥ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጥሎ ሌላ። «እ-እ-እ!»

«እየነገሩት ነው እንዴ?» አለ አንለይ።

«ጉሮሮዬ ነው።»

ከዚያ በስተግራ ያሉትን ሰባት በቆሎዎች ትቼ ወደ ሌላ ቦታ እጄን ሰደድኩ። ሰባቱን እንዲበሉልኝ ነበር። ኦቦ ጂራታ እጄን አየር ላይ ያዙት።

«ሰራዊት! ልጄ! እነዚህን ጥለሃቸው ልትሄድ ነው?»

«ሞተዋል ብዬ ነው ኦቦ…»

«ማን ሞተ አለህ? ታመው ነው እንጂ! እዚህ አንዷን ብታኖር መሃላቸው ሁለት ባዶ ቦታ፣ ሁለት ዓይን ያበቅላሉ፤ ሁለት ዓይን ያለው አይሞትም!»

«ይንገሩት፣ ይንገሩት!» አንለይ ጭኑን እየመታ ይስቃል። «እኛ አንከለክልም!»

ታላቅ ሰው አኑር ብሎኝ ምን ላድርግ? አኖርኩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተምታታብኝ። እኔ እጥላለሁ፣ እሳቸው ያነሱልኛል፤ እኔ በሩን እከፍትላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዝጋው ብለው ይቆጡኛል። አስራ አንድ ጊዜ አረሙኝ። በመጨረሻ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እኔንም፣ አንለይንም፣ ዓብዱልባሲጥንም ጠፋን። አንለይ መሳቁን አቆመ። ተቆጠረ። ደግሞ ተቆጠረ። በሦስት አሸነፍኩ አሉኝ።

ኦቦ ጂራታ ተነሱ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ትዝ አላቸውና ዘጉት።

አንለይና ዓብዱልባሲጥ ሌላ ጨዋታ ጀመሩ። ክቡር ፈራጅ እንደ ወትሮው ከኋላ ቆሙ፤ ድምፅ ግን የለም። አንለይ አንድ በቆሎ አስቀመጠና ቀና ብሎ አያቸው። ሌላ አስቀመጠና ደግሞ አያቸው። «እኔ ነኝ የምመራው ወይስ አንተ?» አለ ዓብዱልባሲጥን። «ወላሂ እኔ አላውቅም» አለ ዓብዱልባሲጥ። ጨዋታውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ሰሌዳው እንዳለ ቀረ፤ እኔ በቅርጫት ከደንኩት፤ ዶሮዋ እንዳትለቅመው ነው።

ኦቦ ጂራታን እስከ መታጠፊያው ሸኘኋቸው። ያን ያህል ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም፤ «ኦቦ ጂራታ፣ ለምን ነገሩኝ?» አልኳቸው።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አሉ። «ቦታው አሳዝኖኝ ነው።» ጥቂት ሄዱና ቆሙ። «አንተስ ለመሸነፍ ስትጫወት አልነበር?»

«አወቁብኝ?»

«ከአምስተኛው በቆሎ ጀምሮ።»

በማግስቱ ማለዳ ደጊቱ ሳትከፍት ማንጎው ሥር ደረስኩ። ቅርጫቱን አነሳሁ፤ የትናንቱ ጨዋታ እንዳለ አለ። ኦቦ ጂራታ ጠዋት ጠዋት መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው በዚያ ያልፋሉ። መጡ። ሰላም በማለት ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝና ከኋላዬ ቆሙ። ልማድ ነው።

እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠው ነገር አለ፤ ዋጥኩት፣ አልወርድ አለ፤ ተፋሁት። መሃሉ ላይ ያሉትን፣ ሁለት ዓይን ያላቸውን፣ እኔ እንኳ በሕይወት እንዳሉ የማውቃቸውን ዘጠኝ በቆሎዎች አመለከትኩና ጮክ ብዬ «ይሄ ቦታ ሞቷል!» አልኩ።

ከኋላዬ መፋቂያው ቆመ።

«ሞቷል» አልኩ ደግሜ። «ታሞም አይደለም። መቅበር ነው የቀረው።» ከንፈሬንም መጠጥኩ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። መንገዱን ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ፤ ከእኔና ከዶሮዋ በቀር ማንም የለም። ከዘራቸውን ወንበሬ ላይ አስደገፉ።

መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።