ሳሎኑ እስኪበስል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዓሣዎች ለእኛ ቤት ሊሠሩልን መጡ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ባለቤቴ ሽመክት ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ሳሎናችን ውስጥ ባሕር እየሠራ ነው። ቀልዴን አይደለም። ከሶፋችን የሚረዝም የመስታወት ሣጥን አምጥቶ ውሃ በጨው በጥብጦ ሞላበት፤ ከሥሩ አሸዋ አነጠፈ፣ አሸዋው ላይ ድንጋይ ደረደረ። ድንጋዩ ሕያው ነው ይላል። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ የዓሣውን ቆሻሻ እየበሉ ውሃውን ያጠሩታል፤ እነሱ ተራብተው ውሃው እስኪበስል፣ ለዓሣ እስኪመች ድረስ ግን ዓሣ አይገባም። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። እሱ የወጥ ውሃዬን ድንጋይ ሲያጠጣ እኔ የሚታየኝ መስታወቱ ፈንድቶ ከእኛ በታች የሚኖረውን ሰው ሁሉ ሲያጥለቀልቅ፣ ወይም የውሃ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ገመድ የሰባት ዓመት ልጄን ሐመልማልን ሲይዛት ነው።

ትናንት እራት ላይ፣ «የመጀመሪያው ዓሣ ነገ ማለዳ ከጅቡቲ በሚመጣ መኪና ይደርሳል። እሱ ከኖረ ሌሎቹ ይከተላሉ» አለ።

«ካልኖረስ?» አልኩት።

«ካልኖረማ ውሃው ገና ነው ማለት ነው።»

ይህን ሰምቼ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ አገሩን ሁሉ ባሕር ሞልቶታል። ብሎካችን ከነሰገነቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ማንም ግን አልገረመውም። እኔም ውሃው ውስጥ ቆሜ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ዛሬስ አይደርቅልኝም እያልኩ። በሩ ተንኳኳ። እኔን የምታህል ቢጫ ዓሣ ሻሽ አስራ ገባች። ከኋላዋ ሦስት ግራጫ ዓሣዎች ትልልቅ መስታወት ተሸክመው ያለከልካሉ።

«የሐመልማል እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች ቢጫዋ። «ዕጣው ወጣላችሁ። አየር ያለበት ቤት!»

«እኛ እኮ አልተመዘገብንም።»

«ለዚህ እኮ ነው የወጣላችሁ።»

ግራጫዎቹ ሳሎናችን መሐል የመስታወት ክፍል አቆሙ። ውሃውን በባልዲ ቀድተው አወጡና አየር በጀሪካን እየተሸከሙ ወደ ውስጥ ይገለብጡ ጀመር። አየር የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በጣም ይጣደፉ ነበር። አንዱ አየሩን በማማሰያ አማሰለና ቀመሰው።

«አቧራው አንሷል» አለ።

«ጨምርበት፤ ሰው በንጹሕ አየር ይሳሳል» አለች ቢጫዋ። «የአሮጌ አውቶቡስ ጭስም ጠብ አድርግበት።»

ቀጥሎ ምድር ቤት የሚኖሩትን እትዬ አሰገደችን ከነበርጩማቸው ተሸክመው አመጡና መስታወቱ ውስጥ ጥግ ላይ አስቀመጧቸው። እትዬ አሰገደች የብሎኩን ወሬ ሁሉ የሚያውቁ ሴት ናቸው። አልተቆጡም። ዓሣዎቹ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ አስቀምጠው፣ ራቅ ብለው አዩአቸውና መልሰው ወደ ግራ አዞሯቸው።

«እሳቸው ምን ያደርጋሉ?» አልኩ።

«ሕያው ጎረቤት ናቸው» አለች ቢጫዋ። «ቤት ያለ ጎረቤት አይበስልም። በቤቱ የሚጠራቀመውን ኩርፊያ፣ ሐሜት፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ እሳቸው ይበሉታል። አለዚያ በራሳችሁ ቆሻሻ ታፍናችሁ ታልቃላችሁ።»

እትዬ አሰገደች ከውስጥ ሆነው፣ «ትናንት አንቺና ባልሽ ስለ ጨው ባልዲው የተጣላችሁትን በልቼዋለሁ፤ ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር» አሉኝ።

አፈርኩ። ሽመክትን ፈለግሁት። ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ ቀጭን ቱቦ ነክሶ ወደ ውስጥ እፍ ይላል። ፓምፕ ሆኗል። ስጠራው በዓይኑ ብቻ ቆይ አለኝና እፍ ማለቱን ቀጠለ።

ቤቱ እስኪበስል ውጭ ቆዪ ተባልኩ። ደረጃው ከላይ እስከ ታች በሰልፍ ተሞልቷል። የወረዳ ሠራተኞች ናቸው፤ ማኅተማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እኔን ይጠብቃሉ።

«እባክዎ እናታችን፣ አንዲት ፊርማ ብቻ» አለ የፊተኛው። «ከንጋት ጀምሮ ቆመናል።»

«ሲስተም የለኝም፤ ነገ ተመለሱ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አመስግነው ሄዱ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ነገ ቂም ይይዙብኛል ብዬ ላብ አጠመቀኝ፤ ውሃ ውስጥ ሆኜም ማላቤ ይታወቀኝ ነበር። የብሎካችን ድመት አንዲት ትንሽ ዓሣ እያሳደደችው በአጠገቤ ሽቅብ አለፈ።

ስመለስ አንድ ሚኒባስ ታክሲ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ወያላው ዓሣ በበሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አንድ ሰው የሞላ! አንድ ሰው የሞላ!» ይላል። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሐመልማል ናት፤ ዩኒፎርሟን ለብሳ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ልጄን የት ነው የምትወስዷት?»

«የትም፤ አየሩን እያስለመድናት ነው» አለች ቢጫዋ። «መስኮት ዘግቶ ታክሲ ውስጥ ያልቆየ ሰው በድንገት አዲስ አየር ውስጥ ከገባ ይደነግጣል። ስትለምድ እናስገባታለን። እሷ ከኖረች እናንተ ትከተላላችሁ።»

«እሷ ለምን ትቀድማለች? እኔን አስገቡኝ!»

«ትንሽ ናት፤ ጥቂት ትበላለች፤ ብዙ አታቆሽሽም።»

«ካልኖረችስ?»

ግራጫዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ካልኖረችማ አየሩ ገና ነው» አሉ።

የቢጫዋን ክንፍ ያዝኩ። አብሬያት ልግባ አልኩ፤ ጥግ ላይ እቆማለሁ፣ አልበላም፣ አልናገርም አልኩ። ቢጫዋ አዘነችልኝና ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አወጣች። «እፍ በዪበት፤ ሐሳብሽን ልለካው» አለችኝ። እፍ አልኩ። አንድ ጠብታ ጨመረችበት። ብልቃጡ ወዲያው እንደ ቀይ ሥር ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ።

«ኡኡ!» አለ አንዱ ግራጫ። «ይቺ ሴትዮ ብቻዋን አንድ ክፍለ ከተማ ትበክላለች!»

«አየሽ፣ አንቺ ከገባሽ የምትታፈነው ልጅሽ ናት» አለች ቢጫዋ። «ብልቃጡ ከነጣ ግን ትገቢያለሽ። ሞክሪ።»

ሞከርኩ። ሐመልማል ስትስቅ አሰብኩ፤ ስትስቅ ከረሜላ አነቃት። ሜዳ ላይ ስትሮጥ አሰብኩ፤ ሜዳው መሐል ክዳን የሌለው ጉድጓድ ነበር። አድጋ ስትመረቅ አሰብኩ፤ ዝናብ መጣና በቀሚሷ ብርድ መታት። በየሐሳቡ እፍ አልኩ፤ ብልቃጡ በየእፍታው ጠቆረ።

«ሌላ ነገር አስቢ እንጂ አንቺ!» አሉ እትዬ አሰገደች ከውስጥ። «ስለ ሰው አስቢ! እኔ ሰው ሳማ ቀለል ይለኛል።»

የታክሲው በር ተከፈተ። ሐመልማል ወረደች። ዓሣዎቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ሮጬ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፤ በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«መስታወት አይመታም፤ ትደነግጣለች» አለች ቢጫዋ በቀስታ።

ሐመልማል ክፍሉን አንዴ ዞረችው። ሶፋውን ነካች። እጇን አውለበለበችልኝ። ከዚያ ቆመች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ምን እንደምትል አይሰማኝም። እየጠራችኝ ይሁን አየር እያጣች ይሁን አላውቅም። «ሽመክት! እፍ በል! እፍ በል!» ብዬ ጮህኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን አረፋ ብቻ ነበር። ዓሣዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ልጄን ትክ ብለው ያያሉ። ከንፈሯ—

«እማ! እንዳትነቃነቂ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። ነግቷል። ውጭ ዝናብ ነው። ሐመልማል ከነነፍሷ፣ ከነሹራቧ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተንበርክካለች። ሽመክት ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሲስብልኝ አየሁት። ብብቴ ሥር አንድ ክብ፣ ለስላሳ ነገር ተወሽቋል። ውስጡ የሆነ ነገር ጎኔን ቸብ አደረገኝ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዓሣው ነው» አለ ሽመክት በሹክሹክታ። «አትቆጪ። በመጣበት የውሃ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስሬዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆመ፤ የሣጥኑ ውሃ ቀዝቅዟል። ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የምትሞቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ልቀፈው ስለው እንቢ አለኝ» አለች ሐመልማል። «አንቺ ትገላበጫለሽ፤ እናትሽ ግን ተኝታም እንጨት ናት አለኝ።» ጎንበስ ብላ ላስቲኩን አየችው። «እማ፣ ካንቺ ጋር ከሆነ አይሞትም፣ አይደል?»

መተንፈስ ሁሉ ፈራሁ። ዓሣው ብብቴ ሥር አንዴ ዞረና ጸጥ አለ።

«አይሞትም» አልኳት። «ሽመክት፣ መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን ማን ያውቃል» አለ።

ሽንቴ ወጥሮኛል።